ስለ አከርካሪ ዲስክ በሽታዎች አመዘጋገብ፤ ከአሶሳ አካባቢ ምሳሌዎች ጋር

መግቢያ

ደብረ ዘይት የሚለውን ስም የሰማ ሰው ሦስት ነገር ሊያስብ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር ሰው የዐቢይ ጾምን እኩሌታ እሑድ ያስባል። የአዲስ አበባ ሰው ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለችውንና ዛሬ ቢሾፍቱ የምትባለውን የሐይቆች ከተማ ያስባል። በአሶሳ ምድር የሚኖር ሰው ደግሞ እዚያው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያለውን ደብረ ዘይትን ያስባል። አንድ ሕመምተኛ «ከደብረ ዘይት የመጣ» ተብሎ ብቻ በመዝገብ ቢጻፍና መዝገቡ አዲስ አበባ ቢደርስ፣ አንባቢው ሰውየውን ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አሻግሮ ቢሾፍቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ከስሙ ጋር ክልሉ፣ ዞኑና ወረዳው ቢጻፍ ግን ስሕተቱ ይቀራል።

በበሽታ ስምም ነገሩ እንዲሁ ነው። «ወገብ ሕመም» የሚለው ቃል ብቻውን ሲጻፍ ከልዩ ልዩ በሽታዎች የትኛውን እንደሚያመለክት አይታወቅም። ስለዚህ የሕክምና ሰዎች ለእያንዳንዱ በሽታ በፊደልና በቁጥር የተሠራ መለያ ሰጥተው፣ መለያው በየትም አገር፣ በማንኛውም ቋንቋ አንድ ነገር ብቻ እንዲያመለክት አድርገዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መለያ ለአከርካሪ ዲስክ በሽታዎች እንዴት እንደሚሰጥ ማስረዳትና፣ አሰጣጡ ሲሳሳት ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ማሳየት ነው። «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

1. በአነጋገር በኩል ያለው ችግር

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የበሽታን ስም ግን የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰውም ስም የሚሰጠው በሚሰማው ሥቃይና በሚያምነው ምክንያት ነው። በአገራችን ወገቡን የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ «ኩላሊቴን ያመኛል» ይላል። ይህን ሲል ሥቃዩ ያለበትን ቦታ ማመልከቱ ነው እንጂ ሽንቱን አስመርምሮ አይደለም። ሌላው «ብርድ መታኝ» ይላል። ሌላው «ቁርጥማት ነው» ብሎ ይታገሣል፤ ሌላው «ወለም አለኝ» ብሎ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ «ዲስኬ ተንሸራተተ» ማለት በከተማም በገጠርም ተለምዷል። ዲስኩን ማንም ሳያየው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚቀባበለው ስም ሆኗል።

በአሶሳ አካባቢ ችግሩ አንድ እጥፍ ይጨምራል። በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ዐረብኛም ኦሮምኛም ይነገራል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ገበሬዎችና ልጆቻቸው አማርኛ ይናገራሉ። ሕመምተኛው በአንድ ቋንቋ የተናገረውን አስተርጓሚው በሁለተኛ ቋንቋ ያቀርበዋል፤ የጤና ባለሙያው በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል፤ ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛም ከካርዱ ወደ መዝገብ ይገለብጠዋል። ቃሉ አራት እጅ ዞሮ የሚደርስበት ቦታ ላይ የታመመውን ነገር ሳይለውጥ ይደርስ ዘንድ፣ በመጨረሻ የሚጻፈው መለያ የማያሻማ መሆን አለበት።

2. ዲስክ ምንድን ነው?

የሰው አከርካሪ ሲፈጠር 33 አንጓዎች አሉት። ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር 7ቱ የአንገት፣ 12ቱ የደረት፣ 5ቱ የወገብ፣ 5ቱ የዳሌ፣ 4ቱ የጭራ ናቸው፤ የዳሌዎቹና የጭራዎቹ በጎልማሳ ሰው ተጣብቀው ይገኛሉ። ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው የአንገት አንጓ በቀር፣ ተለያይተው በሚንቀሳቀሱት አንጓዎች መካከል ሁሉ አንድ አንድ ዲስክ አለ፤ በጠቅላላው 23 ይሆናሉ። ዲስኩ ዙሪያውን እንደ ሽንኩርት ልብስ በተደራረበ ጠንካራ ጅማት የተሠራ ሲሆን፣ መካከሉ እንደ ገንፎ የለሰለሰና በውሃ የተሞላ ነው። ሥራውም ሸክምን መቀበል፣ አከርካሪውም እንዲታጠፍና እንዲዞር ማስቻል ነው።

ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ የመካከሉ ውሃ ይቀንሳል፤ ዲስኩ ይሳሳል፤ የዙሪያው ጅማትም ሊሰነጠቅ ይችላል። በስንጥቁ በኩል የመካከሉ ለስላሳ ክፍል ወደ ኋላ ሲወጣ በአጠገቡ የሚያልፈውን የነርቭ ሥር ይጫናል ወይም ያስቆጣል። ስለዚህ «መንሸራተት» የሚለው የተለመደ ቃል በጣም ትክክል አይደለም። ዲስኩ ከላይና ከታች ካሉት አንጓዎች ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለ ሆነ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም፤ የሚወጣው ከውስጡ ያለው ነው። ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚደርሰው በታችኞቹ ሁለት ዲስኮች፣ ማለትም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አንጓ መካከልና በአምስተኛው የወገብ አንጓና በዳሌው መካከል ነው። ከዚያ የሚወጣው ነርቭ ወደ እግር የሚወርድ በመሆኑ ሕመሙ በመቀመጫ በኩል አልፎ እስከ እግር ጣት ይደርሳል።

ይህ ግንኙነት በግልጽ የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። የቦስተን ሐኪሞች ሚክስተርና ባር በ1934 ባወጡት ጽሑፍ የዲስክ መውጣት ነርቭን በመጫን የእግርን ሕመም እንደሚያመጣ አስረዱ። ከዚያ በፊት በቀዶ ሕክምና የሚገኘው ይህ ቁራጭ ብዙ ጊዜ እንደ ዕጢ ይቆጠር ነበር። ስሙ ሲታረም ሕክምናውም ታረመ።

ነገር ግን ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ። በ1994 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 98 ሰዎች በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ተመርምረው፣ ከመቶ 52ቱ ቢያንስ በአንድ ቦታ ያበጠ ዲስክ፣ ከመቶ 27ቱ ደግሞ ወደ ውጭ የወጣ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። እንግዲህ በፎቶግራፍ የታየ ዲስክ ሁሉ የሕመሙ ምክንያት አይደለም። ምክንያት ነው ለማለት የሕመምተኛው ታሪክ፣ በእጅ የተደረገው ምርመራና ፎቶግራፉ አንድ ነገር መመስከር አለባቸው።

3. የበሽታዎች ምደባ ከየት መጣ?

በሽታን በሥርዓት መመደብ የተጀመረው ሙታንን ለመቍጠር ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን ያዘጋጀው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር በ1893 በሺካጎ በተደረገው የዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ተቋም ጉባኤ ተቀባይነት አገኘ፤ በ1900ም በፓሪስ በተደረገ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ታረመ። የወገብ ሕመም ሰውን ከሥራ ያውላል እንጂ አይገድልምና፣ በሙታን ዝርዝር ውስጥ ሰፊ ቦታ ሊያገኝ አይችልም ነበር። በ1948 የዓለም የጤና ድርጅት ሥራውን ተረክቦ ስድስተኛውን እትም ሲያወጣ ግን፣ የሚገድሉት ብቻ ሳይሆኑ የሚያሠቃዩትም በሽታዎች በዝርዝሩ ገቡ። ኢትዮጵያም ከ1947 ጀምሮ የዚሁ ድርጅት አባል ነች።

ከ1979 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው በዘጠነኛው እትም የዲስክ በሽታዎች 722 በሚለው ቍጥር ሥር ነበሩ። ዐሥረኛው እትም በ1990 በዓለም የጤና ጉባኤ ጸድቆ ቍጥሩን በፊደልና በቍጥር ለወጠው። ዐሥራ አንደኛው በ2018 ታትሞ በ2019 ጸደቀ፤ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም በሥራ እንዲውል ተወሰነ።

በአገራችን የጤና ሚኒስቴር በዐሥረኛው እትም ላይ የተመሠረተ ብሔራዊ የበሽታዎች ምደባ አዘጋጅቶ ለጤና ተቋሞች አሰራጭቷል። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህም ተቋሞች የሚልኩት ዘገባ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ይሰበሰባል። ስለዚህ በአሶሳ አንድ ባለሙያ ዛሬ የሚጽፈው መለያ ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልልም ወደ ሚኒስቴር የሚሄድ ድምር አካል ነው።

4. ለዲስክ የተሰጡት መለያዎች

በዐሥረኛው እትም የአጥንት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ በሽታዎች በዐሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ይገኛሉ፤ መለያቸውም «ኤም» በሚባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። ከኤም 40 እስከ ኤም 54 ያለው የጀርባ በሽታ ነው። ከእነዚህ ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው።

ኤም 50 የአንገት ዲስክ በሽታ ነው።
ኤም 51 ከአንገት በታች ያሉት፣ ማለትም የደረትና የወገብ ዲስኮች በሽታ ነው።
ኤም 54 ምክንያቱ ያልተለየ የጀርባ ሕመም ነው።

ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው ቍጥር የበሽታውን ዓይነት ይናገራል። በኤም 51 ሥር ዜሮ ሲጻፍ ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ ተጎድቷል ማለት ነው። 1 ሲጻፍ የነርቭ ሥር ተነክቷል ማለት ነው። 2 ሲጻፍ ዲስኩ ከቦታው ወጥቷል፣ ነገር ግን በነርቭ ላይ ያደረሰው ጉዳት አልተገለጸም ማለት ነው። 3 የዲስክ ማርጀት ነው። 4 የዲስኩ ክፍል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ወደ አጥንቱ ውስጥ ሲገባ የሚሰጥ ነው። 8 ከእነዚህ ውጭ የሆነ፣ ነገር ግን ዓይነቱ የተገለጸ የዲስክ በሽታ ነው። 9 ደግሞ «የዲስክ በሽታ ነው፤ ዓይነቱ ግን አልተገለጸም» የሚል ነው።

በኤም 54 ሥር ኤም 54.3 ወደ እግር የሚወርደው የነርቭ ሕመም፣ ኤም 54.4 የወገብና የእግር ሕመም በአንድነት፣ ኤም 54.5 የወገብ ሕመም ብቻ ነው። የምደባው መጽሐፍ በእነዚህ ሥር «ከዚህ አይግባ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፏል። የወገቡ ሕመም የመጣው ከዲስክ መውጣት መሆኑ ከታወቀ በኤም 54.5 አይጻፍም፤ ወደ ኤም 51.2 ይሄዳል። የእግሩም ሕመም ከዲስክ መሆኑ ከታወቀ ከኤም 54.3 ወጥቶ ወደ ኤም 51.1 ይሄዳል። የሁለቱ ቤቶች ልዩነት ይህ ነው፤ ኤም 54 የሥቃይ ስም ነው፣ ኤም 51 የምክንያት ስም ነው።

ሌላ ሊታወቅ የሚገባው ነገር የመስቀልና የኮከብ ምልክት ነው። አንድ በሽታ ሥሩ በአንድ ቦታ፣ የሚታየው ጉዳት በሌላ ቦታ ሲሆን ሁለት መለያ ይሰጠዋል። ሥሩን የሚናገረው የመስቀል ምልክት፣ ጉዳቱን የሚናገረው የኮከብ ምልክት ይደረግበታል። ዋናው ምንጊዜም ባለ መስቀሉ ነው፤ ባለ ኮከቡ ብቻውን አይጻፍም።

በዐሥራ አንደኛው እትም አቀማመጡ ተለውጧል። የዲስክ ማርጀት ኤፍ ኤ 80 ሆኖ በዐሥራ አምስተኛው ምዕራፍ ይገኛል። የወገብ ሕመም ግን ኤም ኢ 84.2 ተብሎ ከአጥንት በሽታዎች ወጥቶ ከምልክቶች ምዕራፍ ገብቷል። ሥቃይ ምልክት እንጂ በራሱ የበሽታ ስም አለመሆኑን አዲሱ እትም ከቀድሞው ይልቅ ግልጽ አድርጎታል ማለት ነው።

5. ስድስት ምሳሌዎች

ከዚህ በላይ የተባለው ግልጽ እንዲሆን ስድስት ሕመምተኞችን እናስብ። ሁሉም ከአሶሳ ዙሪያ የመጡ ናቸው፤ ከአራተኛይቱ በቀር ሁሉም የሚሉት «ወገቤን» ነው። የታሰቡት ለማስረጃ ነው እንጂ የታወቁ ሰዎች አይደሉም።

የመጀመሪያው የደብረ ዘይት ገበሬ ነው። የበቆሎ ጆንያ ካነሣ ወዲህ ሁለት ሳምንት ወገቡን አሞታል። ሕመሙ ወደ እግሩ አይወርድም፤ ትኵሳት የለውም፤ እግሩ አልደከመም። መለያው ኤም 54.5 ነው። ሕመሙ በጥቂት ሳምንታት ሊሻለው ስለሚችል፣ እንዳይተኛ፣ በሚችለው መጠን እንዲንቀሳቀስ ይመከራል። ፎቶግራፍም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ወርቅ በማጠብ ሥራ ጎንበስ ብሎ የሚውል ወጣት ነው። ሕመሙ ከወገቡ ተነሥቶ ከጉልበቱ በታች ይወርዳል፤ ሲያስለው ይብስበታል፤ በጀርባው ተኝቶ እግሩ ሲነሣም ያው ሕመም ይነሣል። ባለሙያው ዲስክ ነው ብሎ ቢያስብም ገና አልተረጋገጠም። ካርዱ ላይ «የወገብ ሕመም ከእግር ነርቭ ሕመም ጋር» ብሎ ቢጽፍ መለያው ኤም 54.4 ይሆናል።

ሦስተኛው ያው ወጣት ነው፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ አልተሻለውም፤ የእግሩ አውራ ጣትም ደክሟል። ወደ አዲስ አበባ ተልኮ በኤም.አር.አይ. ሲታይ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው አንጓ መካከል የወጣው ዲስክ የነርቩን ሥር ሲጫን ተገኘ። አሁን ታሪኩ፣ ምርመራውና ፎቶግራፉ ተስማሙ። መለያው ባለ መስቀሉ ኤም 51.1 ከባለ ኮከቡ ጂ 55.1 ጋር ነው። የአንድ ሰው መለያ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቢለወጥ መዝገቡ ተሳሳተ ማለት አይደለም፤ እውቀቱ ጨመረ ማለት ነው።

አራተኛይቱ ሴት ናት። በጉሙዝ ሴቶች ልማድ ሸክሟን በትከሻዋ ላይ በተጋደመ በትር ጫፍና ጫፍ አንጠልጥላ ትሄዳለች። የምታማርረው አንገቷንና እጇን ነው፤ ጣቶቿ ነገር መያዝ አቅቷቸዋል፤ ስትሄድም እግሮቿ ይተሳሰራሉ። ይህ የነርቭ ሥር ብቻ ሳይሆን የሕብለ ሰረሰር መጫን ምልክት ነው። ከአንገት ዲስክ መሆኑ ሲረጋገጥ ኤም 50.0 ይሰጠዋል። ሸክሙ ለሕመሙ ምክንያት ነው ብለን ግን መፍረድ አንችልም። ለዲስክ ማርጀት ዕድሜና ከወላጅ የሚወረስ ተፈጥሮ ትልቅ ድርሻ አላቸው። የልማዱን ጉዳት ወይም ጉዳት አልባነት የሚናገረው በትክክል የተሞላ መዝገብ ነው።

አምስተኛው ከማንጎ ዛፍ የወደቀ ልጅ ነው። የወገቡ ዲስክ በመውደቁ ከተቀደደ ኤም 51 አይሰጠውም። አዲስ ጉዳት የሚመደበው በሌላ ምዕራፍ ስለ ሆነ መለያው ኤስ 33.0 ነው፤ የአንገት ቢሆን ኤስ 13.0 ይሆን ነበር። ከዚህም ጋር ከዛፍ መውደቁን የሚናገር የውጭ ምክንያት መለያ ይጨመርለታል።

ስድስተኛው ለብዙ ወራት ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። ሌሊት ሌሊት ያልበዋል፤ ከስቷል፤ ጀርባውም መጉበጥ ጀምሯል። ይህ ዲስክ አይደለም፤ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ነው። መለያው ባለ መስቀሉ ኤ 18.0 ከባለ ኮከቡ ኤም 49.0 ጋር ነው። በሽታው በመድኃኒት የሚድን ነው፤ «ወገብ ሕመም» ተብሎ በኤም 54.5 ሲመላለስ ከቆየ ግን ሁለት እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ስለ ሆነች ይህን ምሳሌ የጨመርነው ለማሳመር አይደለም። ጥሬ ወተት ከሚጠጡ ከብት አርቢዎችም መካከል ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ አከርካሪን እንደሚይዝ መዘንጋት አይገባም።

ከስድስቱም ውጭ አንድ ምልክት በተለይ ይታወቅ። ወገቡን የታመመ ሰው ሽንቱ ከታገደበት ወይም ሳያውቀው ከወጣው፣ በኮርቻ ላይ የሚቀመጥበት የገላው ክፍል ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮቹ ከደከሙ፣ በታችኛው አከርካሪ ያሉት ነርቮች ሁሉ በአንድነት ተጭነዋል ማለት ነው። መለያው ጂ 83.4 ነው። ይህ በሰዓታት የሚቆጠር ድንገተኛ ነገር ስለ ሆነ፣ መለያው ከመጻፉ በፊት ሕመምተኛው ወደ ቀዶ ሕክምና መላክ አለበት።

6. ስሕተት የሚገባባቸው በሮች

የመጀመሪያው በር «ተጠርጥሯል» የሚለው ቃል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ደንብ እንደሚለው፣ ሕክምናው ሲያበቃ ዋናው በሽታ «ተጠርጥሯል» ተብሎ ብቻ ከቀረና ሌላ ማብራሪያ ከሌለ፣ እንደ ተረጋገጠ ተቆጥሮ መለያ ይሰጠዋል። እንግዲህ «ዲስክ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ በቀላሉ የጻፈ ሐኪም፣ ሳያስበው አንድ የዲስክ ሕመምተኛ በአገሪቱ ድምር ላይ ጨመረ። በአሜሪካ ለተመላላሽ ሕመምተኛ የወጣው ደንብ ደግሞ ተቃራኒውን ያዛል፤ ያልተረጋገጠው አይመደብም፣ የሚመደበው ምልክቱ ነው። የሁለት አገር ድምር ሲነጻጸር ይህ ልዩነት መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው በር መዝገብ ያዡ የሚገምተው ነገር ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ካልተነበበ ወይም አጥሮ ከተጻፈ፣ ሠራተኛው ጸሐፊውን መጠየቅ አለበት እንጂ የመሰለውን መጻፍ የለበትም። ሐኪሙም የሚጠየቀው ስለ ተናቀ አለመሆኑን መረዳት ይገባዋል።

ሦስተኛው በር 9 ቍጥር ነው። «አልተገለጸም» የሚለው መለያ ለቸገረው ሰው የተተወ መጠለያ ነው፤ ሁሉም ከገባበት ግን ምደባው ከንቱ ይሆናል። ሐኪሙ የትኛው አንጓ፣ የትኛው እግር፣ ነርቭ ተነክቷል ወይስ አልተነካም የሚለውን አንድ መስመር ቢጽፍ መለያው ራሱ ይገኛል።

አራተኛው በር ከውጭ አገር የሚመጣ ወረቀት ነው። በአሜሪካ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይዘውት የሚመጡት የሕክምና ማስረጃ የአሜሪካንን የተለየ እትም ስለሚከተል ቍጥሩ ይረዝማል። ለምሳሌ ኤም 51.26 ያሉት የወገብ ዲስክ መውጣትን ነው፤ በዓለም አቀፉ ዐሥረኛ እትም ያው ነገር ኤም 51.2 ነው። ኤም 54.5ም በአሜሪካ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ተከፋፍሎ ብቻውን መጻፉ ቀርቷል። ስለዚህ ቍጥሩን እንዳለ መገልበጥ ሳይሆን ትርጉሙን አይቶ ወደ አገሩ ዝርዝር መመለስ ይገባል።

7. ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል?

አንዳንድ ሰዎች መለያ መስጠት የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ለታመመው ሰው ምን ይረባዋል ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልስ አለን።

አንደኛ፣ ለሕመምተኛው ራሱ ይጠቅመዋል። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ መላክ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ገበሬ ለመንገድ፣ ለማደሪያና ለአስታማሚው ስንቅ በሬውን ሊሸጥ ይችላል። ኤም 54.5 የነበረው ሰው ዲስክ ተብሎ ከተላከ በሬው በከንቱ ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ «ወገብህ ተሰብሯል» እንደ ተባለ ቆጥሮ እርሻውን ይተዋል። በተቃራኒው የእግሩ ጣት የደከመው ሰው «ወገብ ሕመም» ተብሎ ከተመለሰ የነርቩን ጉዳት ይዞ ይኖራል።

ሁለተኛ፣ በሥራ ላይ ለተጎዳና የጤና መድን ላለው ሰው ይጠቅመዋል። አንድ ሠራተኛ የአካል ጉዳቱ በሕክምና ቦርድ ሲመረመር፣ ቦርዱ የሚያየው የቀድሞ መዝገቡን ነው። ዲስኩ በሥራ ላይ በወደቀ ጊዜ የተቀደደ መሆኑ ከመጀመሪያው በኤስ 33.0 ካልተጻፈና በኤም 51 ከተጻፈ፣ ጉዳቱ በዕድሜ የመጣ ይመስላል፤ ካሳውም ያጠራጥራል። በአገራችን ከ2011 ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም፣ ለሕክምና የሚወጣውን ገንዘብ በቅጡ ለማወቅ የሚችለው የሚከፈልበት በሽታ በትክክል ሲሰየም ነው።

ሦስተኛ፣ ለአገሩ ይጠቅማል። በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደ ነበረባቸው ተገምቷል፤ ሰውን ሳይገድሉ ከሥራ ከሚያውሉት በሽታዎችም አንደኛው ነው። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው። ስለዚህ ያሉት ጥቂት ባለሙያዎች ወዴት ይመደቡ፣ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ለየትኛው ሆስፒታል ይቅደም የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በድምሩ ነው። የአሶሳ ድምር ሁሉ «ወገብ ሕመም፣ አልተገለጸም» ከሆነ፣ በሚኒስቴሩ ሠንጠረዥ ላይ በአሶሳ የዲስክ ሕመምተኛ የለም። ሕመምተኛ የሌለበት አገር ደግሞ ሐኪም አይላክለትም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለውን በአጭሩ ብንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። ሥቃዩ ብቻ ሲታወቅ የሥቃዩ መለያ ይሰጥ፤ ምክንያቱ ሲረጋገጥ የምክንያቱ መለያ ይሰጥ፤ አዲስ ጉዳት ከአሮጌ በሽታ ይለይ፤ ከዲስክ ውጭ የሆነው የነቀርሳና የዕጢ ነገር በቅድሚያ ይታሰብ፤ መዝገብ ያዡ አይገምት፤ መለያውም እውቀት ሲጨምር ይታረም።

የኮሌጃችን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ወደየአገራቸው ሲመለሱ ሊያግዙት የሚችሉት አንድ ሥራ አለ ብለን እናምናለን። ይኸውም በየቋንቋው፣ በበርታም፣ በጉሙዝም፣ በሺናሻም፣ ሕዝቡ ለወገብ፣ ለእግርና ለአንገት ሕመም የሚሰጣቸውን ስሞች ከነትርጉማቸው ሰብስቦ በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ መስጠት ነው። «ኩላሊቴን» ያለው ሰው ወገቡን ማለቱ እንደ ሆነ የሚያውቅ ባለሙያ ተገቢውን ጥያቄ ይጠይቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለሕመምተኛ ብቻ የተነገረ አይደለም። በሽታውን ባልሆነ ስም የጻፈ መዝገብም በሽታውን ደብቆታልና።